ያልተበሉት ሁለት በጎች

አክስቴ መብረቅም ባለሥልጣንም አትፈራም ነበር። አንድ ክረምት መብረቅ ወርዶ የግቢያችንን ባሕር ዛፍ ከአናቱ እስከ ሥሩ ሲሰነጥቀው፣ ቤት ውስጥ የነበርነው ሁሉ አልጋ ሥር ስንሻማ እሷ በመስኮት አየት አድርጋ፣ "ሸጋ አድርጎ ፈለጠው፤ ለማገዶ ፈላጭ የምከፍለው ተረፈልኝ" ብላ ወጧን ማማሰል ቀጠለች። እንደማጋንን የሚያውቁ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው "ዛፉን ነው ወይስ ቅርንጫፉን?" ይሉኛል። እሺ፣ ቅርንጫፉን ነው። አክስቴ ያለችው ግን ቃል በቃል ነው።

የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤቷ እንዳይሄድባት።

ቤቱ ጎንደር ፒያሳ ላይ ነው። ጣሊያን ሠርቶ፣ ኖሮበት ሳይጠግብ ጥሎት የሄደ፣ ብጫ ቀለሙ የተላጠ፣ መስኮቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቤት። ባሏ ከነፃነት በኋላ እርሻውንም ከብቱንም ሸጦ ገዛውና ብዙ ሳይቆይ ሞተ። እሷ አንድ ቀን እንኳ አላደረችበትም። ከጀርባው ባለችው የጭቃ ቤት እየኖረች ፊት ለፊቱን ለልብስ ሰፊ አከራየችው። ጠዋት ጠዋት የሰፊው የስፌት መኪና መንገጫገጭ ሲጀምር ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ዘንበል ታደርግና "ይኸው ኪራዬ መሰፋት ጀመረ" ትላለች። ያ ድምፅ ዛሬም ድረስ የትም ቦታ ስሰማው ልቤን ወደዚያች ጓዳ ይወስደዋል። እኔ ያን ጊዜ ጎንደር የተመደብኩ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ክራባት ማሰር የማውቅ፣ መፍታት ግን የሚያቅተኝ። የምኖረውም፣ የምበላውም፣ የምሰደበውም እሷ ዘንድ ነው።

መዘዙ የጀመረው ባሏ በታመመ ጊዜ ነው። ለሐኪም፣ ለጠበል፣ ኋላም ለተዝካር ገንዘብ ጠፋና፣ በአዲ አርቃይና በጎንደር መካከል በጭነት ማኪና ከሚመላለስ አንድ ነጋዴ ተበደረች። ብድሩም ወለድ አገድ የሚባለው ነው። ቤትህን ታስይዛለህ፤ አበዳሪው ወለድ አይጠይቅህም፤ ዋናውን እስክትመልስ ድረስ ግን በወለዱ ፈንታ ኪራዩን እሱ ይበላል። ሲሰሙት የደግ ሰው ብድር ይመስላል። ነገር ግን ኪራዩን እሱ እየበላ ዋናውን በምንህ ትመልሳለህ? ላምን አስይዞ "ወተቷን ሸጬ አስለቅቃታለሁ" እንደ ማለት ነው፤ ወተቱን የሚጠጣው ሌላ!

በዚህ ላይ ግብሩ አለ። ቤቱ በእሷ ስም ስለሆነ የኪራይ ገቢ ግብር የሚጠየቀው ከእሷ ነው። "ሌላው ይጎርሳል፣ እኔ አላምጣለሁ" ትል ነበር። ልብስ ሰፊው ኪራዩን ይዞ በጓዳችን በር ወደ ነጋዴው ወኪል ሲያልፍ አክስቴ ገንዘቡን ሬሳ እንደሚያልፍ ቆማ ትሸኘው ነበር። ይህ ግን ማጋነን አይደለም፤ በዐይኔ አይቻለሁ።

ኋላ እኔ ወሬ አመጣሁ። ባንክ በከተማ ቤት ዋስትና ያበድራል፤ በባንኩ ገንዘብ ነጋዴውን ከፍለሽ ታሰናብቺዋለሽ፤ ኪራዩን አንቺ እየተቀበልሽ ለባንኩ በአምስት ዓመት ትከፍያለሽ አልኳት። አክስቴ ሦስት ሳምንት አሰበችበት። ከዚያ አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ "ተነሥ፣ ባንክህን አሳየኝ" አለችኝ፤ ባንኩን እኔ የወለድኩት ይመስል።

ብድርን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዞር ግን በባዶ እጅ አይሆንም። ቤቱን የሚገምተው ሰው ይከፈለዋል። ውሉ ሲመዘገብ ይከፈላል። ቴምብር አለ፤ ደግሞ በላዩ ላይ ቴምብር አለ። አክስቴ "ይሄ ወረቀት ከኔ ይልቅ ጌጥ አማረው" ትል ነበር። ነጋዴው በበኩሉ "በሽማግሌ ፊት የሰጠሁትን በሽማግሌ ፊት እቀበላለሁ" አለ። በአገራችን ልማድ ውሉ ሲታሰር የነበሩት እማኞች ሲፈታም መኖር አለባቸው። እማኞቹ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ታላቅየው፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው፣ የጃናሞራ ሰው ሆነው በስተርጅና ልጃቸው ዘንድ ጎንደር ይኖራሉ። ሁለቱ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እማኝ አይከፈለውም። ለእማኝ ገንዘብ መስጠት ማለት ምስክርነቱን መግዛት ነው፤ የተቀበለም ሰው ዳግመኛ በሰው ፊት አይቆምም። ይሁን እንጂ እማኝን ሳያበሉ መሸኘትም ነውር ነው። ስለዚህ ይበላል፤ ስለ መብላቱ ግን አይወራም። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ውሉ የተፈታው በግንቦት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው በሃምሳው ቀን ውስጥ ነው። አክስቴ ሁለት በግ አሳረደች። እኔ በሌላ ቦታ ሳወራ አራት ይሆናሉ፤ እዚህ ስለ ግብር ስለሆነ የማወራው ሁለት ብቻ ናቸው። ነጋዴው ገንዘቡን ቆጥሮ፣ የተያዘበትን ወረቀት መልሶ፣ እንጀራም ሳይቀምስ በማኪናው ሄደ። ሽማግሌዎቹ ግን ተቀመጡ። አያ በመጀመሪያው በግ ላይ በጸጥታ ሠሩ። ሦስተኛው ሽማግሌ ጎድኑን ሲግጡ ጢማቸው ላይ የነበረው ቅባት ዛሬም ይታየኛል። አክስቴም በደስታ ስታለቅስ ዋለች። ማታ ልብስ ሰፊው መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪራዩን በእሷ እጅ ሲያስቀምጥ፣ ገንዘቡን ተቀብላ ሳመችው። ገንዘቡን ማለቴ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ግብር መጣ።

አክስቴ ሂሳቧን ሠርታ ጨርሳለች። እኔ በበጋው "ብድር ለማዞር የወጣ ወጪ ከኪራዩ ገቢ ላይ ይቀነሳል" ብያት ነበር። እሷም ግምቱን፣ ምዝገባውን፣ ቴምብሩን፣ ሁለቱን በግ፣ ጠላውን ሁሉ ደምራ፣ ከኪራዩ ቀንሳ፣ ለግብሩ የሚቀረውን በጥቁር ቦርሳዋ ቋጥራ አስቀመጠች። ሌላው ገንዘብ የባንኩ የመጀመሪያ ክፍያ ነው፤ አይነካም። ባንኩ አልከፈልሽም ካለ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። ከነጋዴው እጅ ያወጣችውን ቤት በሐራጅ ማጣት! ለእሷ ከዚህ የከፋ ሞት አልነበረም።

የግብር ሹሙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። በጎንደር ሐምሌ ጫማው ደርቆ አያውቅም፤ ስንገባ አንዱን አውልቆ ከምድጃው አጠገብ አቁሞት ነበር። እኔ የጻፍኩላትን ማመልከቻ አነበበና "እሜቴ፣ የገማቹን፣ የምዝገባውን፣ የቴምብሩን እቀበላለሁ" አለ።

"እግዜር ይስጥልኝ ጌታው።"

"ዘንድሮ ግን የሚቀነሰው ከአምስት አንድ እጁ ብቻ ነው።"

"ምነው? እኔ ከአምስት አንድ እጁን ብቻ ነው እንዴ የከፈልኩት?"

"ከፍለው ጨርሰዋል። ግን ብድሩን ያገኙት ለአምስት ዓመት ነው። ብድር ለማግኘት የወጣ ወጪ የብድሩን ዕድሜ ይከተላል። በየዓመቱ አንድ አምስተኛ ይያዝልዎታል፤ አይጠፋም።"

አክስቴ ይህን እንደ መድኃኒት በግድ ዋጠችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ "በጉስ?" አለች።

"የቱ በግ?"

"የታረደው ነዋ። እሱም በአምስት ዓመት ነው? ዘንድሮ አንድ እግሩን፣ ለከርሞ አንድ እግሩን፣ እያልኩ በአምስተኛው ዓመት ላቱን ልቀንስ?"

ሹሙ ሳቁን በሳል ሸፈነው። "እሜቴ፣ በግ እንደ ግብዣ ከተበላ ወጪ አይደለም፤ የራስዎ ደስታ ነው። ለብድሩ ግድ ከሆነ ግን ወጪ ነው።"

"ያለ እማኝ ነጋዴው ወረቀቱን አይመልስም ነበር! እማኝ ደግሞ ጦሙን አይሸኝም!"

ሰውዬው አሰበ። የአገሩን ልማድ ባያውቅም ሊረዳት ፈልጎ ነበር፤ ይህን ልመሰክርለት እወዳለሁ። "እንግዲያው" አለ፣ "እማኞቹ ይምጡና ለዚሁ ጉዳይ መብላታቸውን ይንገሩኝ። እንደ ቴምብሩ እይዝልዎታለሁ።"

አክስቴ በደስታ ወጣች። እኔም ደስ አለኝ። ልማዱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ በዚያች ሰዓት ግን ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። የቤት ፍቅር እንዲህ ያሳውራል።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ሹሙ ፊት ተደረደሩ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚያራግፉበት ይመስል ነበር። ሹሙ በአክብሮት ብድግ ብሎ፣ "አባቶቼ፣ በዚያ ቀን የበላችሁት ለእማኝነታችሁ ነው ወይስ እንዲያው ለግብዣ?" አላቸው።

ዝናቡ እንኳ ለጊዜው ያቆመ መሰለኝ።

"ምን አልከኝ ልጄ?" አሉ አያ።

"ለእማኝነታችሁ ነው ወይ የበላችሁት?"

አያ ቀስ ብለው ወደ ሁለቱ ዞሩ። "እናንተ በልታችኋል እንዴ?"

"ኧረ በማርያም!" አሉ ሁለተኛው። "እኔ የውሃ ጠብታም ከንፈሬን አልነካው።"

"እኔም አልበላሁ" አሉ አያ፣ ያ ጎንደር ሁሉ ያየው ሆዳቸው በጋቢው ሥር እያለ። "ለእውነት ነው የመጣነው። ለሥጋ አይደለም።"

ሦስተኛው፣ ጎድን ጋጩ፣ ዝም ቢሉ ይሻል ነበር። "ዕለቱም ረቡዕ ነበር" አሉ። "በረቡዕ ሥጋ ይበላል እንዴ?"

"አባቴ፣ በሃምሳው ቀን ረቡዕ አይጾምም" አለ ሹሙ።

"አውቃለሁ! እኔ ግን… ልማድ ሆኖብኝ እጾማለሁ።"

"እሱማ የንስሐ አባትዎ ቢሰሙ ይቆጣሉ።"

የአክስቴን ፊት ማየት አልቻልኩም። ሹሙ በሐዘን አያትና "እሜቴ፣ ምን ላድርግ? አልበላንም አሉ" አለ። በጎቹ ከሂሳቡ ወጡ። የዓመቱ ግብር ተነገራት። ቦርሳዋ ውስጥ ካለው በለጠ። የመክፈያው ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አክስቴ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ወደ ቤት ስንሄድ ጃንጥላውን ያዝኩላት፤ "ለማን ነው የምትይዘው? ይልቅ አንተ ግባበት" አለችኝ። ቤት ገብታ ቦርሳውን ፈታ ቆጠረች፤ የጎደለው ከባንኩ ድርሻ ካልተወሰደ በቀር አይሞላም። ልብስ ሰፊው የመጪውን ወር ኪራይ አስቀድሞ እንዲሰጣት ወደ እሱ ላከችኝ፤ ምስኪኑ በክረምት የሚሰፋለት ሰው አጥቶ የራሱን ሱሪ እየጣፈ አገኘሁት። የኔም ደሞዝ ከመምጣቱ በፊት አልቋል። ያን ሰሞን አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ የመኪናውን ድምፅ ስትጠብቅ፣ ድምፁ ሲመጣ ስታዝን አየኋት። እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። ቀልድ አወራሁላት፤ አልሳቀችም። ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ።

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ አክስቴ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልማ፣ ቀጥ ብላ ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሄደች። በአጥሩ ግንብ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ ልትሳደብ ነው ብዬ ከኋላዋ ሮጥኩ። እሷ ግን ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

"እንደምን አደሩ አያ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ" አሉ አያ፣ መሬት መሬት እያዩ።

"ባለፈው ከሹሙ ዘንድ አንዲት ቅንጣት አልቀመስንም ብላችኋል።"

ሦስቱም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"የእናንተ ቃል ቤቴን ከነጋዴው እጅ ያወጣ ቃል ነው። እሱ ታምኗል፣ ይሄም ይታመናል። ባልታመነ ሰው እማኝነት ቤት የምይዝ ሴት አይደለሁም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሁለት በግ ታርዶ ተበላ ብዬ ነበር፤ ለካ አልተበላም።"

"አልተበላም" አሉ ጎድን ጋጩ ፈጠን ብለው።

"እንግዲያው በጎቼ የት አሉ?"

ሦስቱም ቀና አሉ።

"ካልተበሉ አሉ" አለች አክስቴ። "እኔ ግቢ ግን የሉም። እናንተ ከመጣችሁበት ቀን ጀምሮ አላየኋቸውም። የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም፤ ስለዚህ በጎቼን።"

አያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው! ድምፅ የሌለው፣ ከሆድ የሚመጣ የደጋ ሳቅ፤ ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እስኪጠርጉ ድረስ።

"አንቺ የእናትሽ ልጅ!" አሉ በመጨረሻ። "እውነትሽን ነው። በጎቹ እኛ ዘንድ ናቸው። ያን ቀን ሣር አማራቸውና ለግጦሽ ወሰድናቸው። መመለሱን ዘነጋነው።"

"እንዴ አያ፣ እንዲህ ይዘነጋል?" አሉ ጎድን ጋጩ በቁጣ፤ የቁጣው ምክንያት መዋጮ እንደሚመጣ ስለገባቸው ነው።

በሳምንቱ መካከል የአያ ልጅ ከጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ለገበያ ያወረዳቸውን ሁለት ሙክት በግ እየጎተተ መጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዋጋው ድርሻቸውን ለልጁ ከፍለው፣ ከኋላው እያዘገሙ መጡ። አያ ከፊት ናቸው። በጎቹ ጸጉራቸው የስሜን ጉም የተጠቀለለባቸው ይመስላል፤ ከታረዱት እጥፍ ይሆናሉ። አንደኛው የግቢያችንን በር ሲያልፍ ሁለቱንም መቃን ነካ።

አክስቴ ወገባቸውን ዳሰሰች። "አድገዋል" አለች።

"ግጦሹ ሸጋ ነበር" አሉ አያ።

የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ገና ጥቂት ቀን ስለነበር፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሰው ለበግ ሲጋፋ የጎንደር ነገሥታት ከመቃብር ተነሥተው ሊገበዩ የመጡ ይመስል ነበር። አክስቴ ሁለቱንም ራሷ ተደራድራ ሸጠች። ሰኞ ማለዳ ሹሙ ፊት ቆመን ግብሩ ሳይጎድል ተከፈለ፤ የባንኩም ድርሻ ሳይነካ ቀረ። ካርኒውን ተቀብላ ጥቁር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሹሙ ከኋላዋ ጠራት። "እሜቴ፣ የጎደለው ከየት ተገኘ? ሌላ ገቢ ካለ ልመዝግበው እንጂ።"



"ገቢ አይደለም ጌታው። አልተበሉም የተባሉት በጎች ተመለሱልኝ።"

ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። አንድ ጫማውን ከምድጃው አጠገብ አየት አደረገ፤ ከዚያ ጣሪያውን አየ። በመጨረሻ ፈገግ አለ። "ትክክል ነው። በጎቹን ወጪ ብዬ አልያዝኩልዎትም። ወጪ ያልተባለ ነገር ሲመለስ ገቢ አይባልም።"

"ከአዲስ አበባም እንዲህ ያለ ሸጋ ሰው ይወጣል?" አለችኝ ደረጃውን ስንወርድ፣ እሱ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ከዚያ በኋላ በየሐምሌው ከሹሙ ዘንድ እየሄደች የቴምብሯን አምስተኛ እያስቀነሰች መጣች። ብድሩ ባለቀ ጊዜ ሹሙ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል፤ በምትኩ የመጣው ልጅ ስለ በግ የተባለውን ታሪክ አያውቅም። አክስቴ የባንኩን የመጨረሻ ካርኒ ግድግዳ ላይ ሰቅላ አንድ በግ አሳረደችና ሽማግሌዎቹን ጠራች። ልብስ ሰፊውም የስፌት መኪናውን አቁሞ መጣ።

የመጡት ሁለቱ ናቸው። አያ በዚያ በጋ ወደ አገራቸው ወጥተው ጃናሞራ ላይ ዐርፈው ነበር። ጎድን ጋጩ ገና ሳይቀመጡ፣ "ዛሬ ረቡዕ አይደለም አይደል?" አሉ። ሐሙስ ነበር። አክስቴ እየሳቀች ጎድኑን ፊታቸው አስቀመጠች፤ "ዛሬ ቢበሉም ቢክዱም ግብር የለበትም" አለቻቸው።

በአያ ቦታ ላይ ግን ማንንም አላስቀመጠችም። ሳህናቸውን ሞልታ ከባዶው መቀመጫ ፊት አኖረችው። ልብስ ሰፊው ነገሩን ስለማያውቅ "አያ የት አሉ?" አላት።

አክስቴ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች።

"ግጦሽ ሄደዋል" አለችው።